በበርበራ ባሕር ሆድ ውስጥ ድምፅ እንዴት ይጓዛል?

 

የዚህ የሐርጌሳ ስብሰባ አዘጋጆች ሲጋብዙኝ የሰጡኝ አደራ አጭር ነበር፦ ስለ ሳይንስ ይሁን፣ ከምንኖርበት አገር ጋር ይገናኝ፣ ልጆቹም ይረዱት። ከዚህ ተነስቶ በአስፋልቱ ለሚነዳ ሰው በርበራ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው። ከመካከላችሁ ከበርበራ እስከ ቶጎ ውጫሌ ጭነት የምታመላልሱ ሾፌሮች አላችሁ፤ ወደቡ ላይ የሠራችሁ አላችሁ፤ ዓሣውን ገዝታችሁ እዚህ ሐርጌሳ የምትሸጡም አላችሁ። ስለዚህ ርዕሴን ከዚያው ባሕር አመጣሁት። ዛሬ የምናገረው በኤደን ባሕረ ሰላጤና በቀይ ባሕር ሆድ ውስጥ ስለሚነሳው ሞገድ፣ ያ ሞገድም በውሃ ውስጥ የሚጓዘውን ድምፅ ምን እንደሚያደርገው ነው።

ለምን ይህን መረጥህ ትሉኝ ይሆናል። እኛ ኢትዮጵያውያን ስለ ባሕር ብዙ እናወራለን። ስለ ወደብ ኪራይ እናወራለን፤ ስለ ኮንቴይነር፣ ስለ ጉምሩክ፣ ስለ ታሪክ እንከራከራለን። ውሃው ራሱ ግን ከጨዋታችን የለበትም። ሙቀቱን፣ ጨውነቱን፣ ከላይና ከታች ያለውን ልዩነት የሚያነሳ የለም። ይህ እኔን ይቆጨኛል። ዓሣ አጥማጁም፣ መርከበኛውም፣ ተመራማሪውም የሚያድሩት በዚያ ውሃ ጠባይ ነውና።

ዛሬ ደጋግሜ የምመለስበት ሐሳብ አንድ ነው፦ በባሕር ውስጥ ድምፅ የሚያዳምጥ ሰው፣ ድምፁ ያቋረጠውን ውሃም አብሮ እያዳመጠ ነው። ይህን ያዙልኝ። አስቀድሜ ስለ ድምፅ፣ ቀጥዬ ስለ ሞገዱ፣ ከዚያም ሁለቱ ሲገናኙ ስለሚሆነው እናገራለሁ። በመጨረሻ ወደ እኛ እመጣለሁ።

እንግዲህ ከድምፅ ልጀምር። ብርሃን በባሕር ውስጥ ሩቅ መሄድ አይችልም፤ 200 ሜትር ያህል ከወረድን ጨለማ ነው። የሬዲዮ ሞገድም በጨው ውሃ ውስጥ ወዲያው ይጠፋል። ስልካችሁ ከባሕር በታች አይሠራም። ድምፅ ግን በውሃ ውስጥ ይበረታል። በአየር በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል የሚጓዘው ድምፅ በባሕር ውስጥ 1500 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ርቀቱም ለማመን ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በማርች 1960 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በአውስትራሊያ ከፐርዝ ከተማ ወጣ ብሎ በባሕር ውስጥ የፈነዳ ፈንጂ ድምፁ ከአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ በታች አልፎ፣ አትላንቲክን አቋርጦ፣ ቤርሙዳ ደሴት አጠገብ ተሰማ። ርቀቱ 20,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የፈጀው ጊዜ ሦስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ገደማ።

ይህ ፍጥነት ግን በየቦታው ይለያያል። ውሃው ሲሞቅ ይጨምራል፤ ጨው ሲበዛ ይጨምራል፤ ወደ ጥልቁ ስንወርድም ግፊቱ ስለሚበረታ በየ100 ሜትሩ 1.7 ሜትር ያህል ይጨምራል። ከሦስቱ በላይኛው ባሕር ውስጥ ጉልበተኛው ሙቀት ነው። የባሕር ውሃ ከ30 ዲግሪ ወደ 15 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ የድምፁ ፍጥነት በሴኮንድ 40 ሜትር ገደማ ይቀንሳል።

አሁን ዋናውን ሕግ ስሙኝ፦ ድምፅ ሁልጊዜ ፍጥነቱ ወደሚያንስበት ወገን ይታጠፋል። ይህን ሕግ እዚሁ አያሃ ሰፈር ላይ በጆሯችሁ ታውቁታላችሁ። ቀን ላይ መሬቱ ይግላል፤ ከፍ ብሎ ያለው አየር ቀዝቀዝ ይላል፤ ድምፅም ወደ ላይ እየታጠፈ ያመልጣል። ሌሊት መሬቱ ሲበርድ ነገሩ ይገለበጣል፤ ድምፅ ወደ መሬት ይታጠፋል። ንጋት ላይ ከሩቅ መስጊድ የሚነሳው አዛን ጥርት ብሎ ሲደርሳችሁ፣ ከሰፈሩ ጸጥታ በተጨማሪ የድምፁ መታጠፍም ያግዘዋል።

በባሕርም እንዲሁ ነው። ከላይ ያለው ውሃ ሞቃት ስለሆነ ድምፁ ወደ ታች ይታጠፋል። በጣም ሲወርድ ግፊቱ ፍጥነቱን ስለሚጨምረው ተመልሶ ወደ ላይ ይታጠፋል። በመካከል ፍጥነቱ ዝቅተኛ የሆነበት ንብርብር አለ፤ እዚያ የገባ ድምፅ ከላይም ከታችም እየተመለሰ ወለሉንም ጣሪያውንም ሳይነካ ይጓዛል። የፐርዙን ድምፅ ቤርሙዳ ያደረሰው ይህ የድምፅ ጎዳና ነው። አሜሪካዊው ሞሪስ ዩዊንግ በ1944፣ ሩሲያዊው ሊዮኒድ ብሬኮቭስኪክ በ1946 ለየብቻቸው አገኙት።

ወደ ሁለተኛው ነጥቤ ልለፍ፤ ወደ ሞገዱ። ይህን ጠርሙስ ተመልከቱ። ግማሹ ውሃ፣ ግማሹ የምግብ ዘይት ነው። ቀስ ብዬ ዘንበል ሳደርገው በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር ሲወዛወዝ ታያላችሁ። ሞገዱ ትልቅ ነው፤ አካሄዱም ዝግ ያለ ነው። ከላይ ያለው የዘይቱ ገጽ ግን ብዙም አልተነካም። ይህ ነው የውስጥ ሞገድ። በበርበራ ባሕር ዘይቱን ተክቶ ከላይ የሚቀመጠው በፀሐይ የጋለው ውሃ ነው፤ ከታች ቀዝቃዛውና ከባዱ ይተኛል።

ባሕር ዳርቻ ቆማችሁ የምታዩት ማዕበል ሁለትና ሦስት ሜትር ቢደርስ ትልቅ ነው። የውስጡ ሞገድ ግን በአሥር ሜትሮች የሚቆጠር ቁመት አለው። በደቡብ ቻይና ባሕር በሉዞን ወሽመጥ ከሚነሱት መካከል ከ200 ሜትር የሚያልፉ ተለክተዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን የባሕሩ ገጽ ከፍና ዝቅ የሚለው በሴንቲሜትር ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። በላይኛውና በታችኛው ውሃ መካከል ያለው የክብደት ልዩነት ከሺህ ጥቂት እጅ ነው፤ ስለዚህ ከባዱን ወደ ላይ ለማንሳት ትንሽ ኃይል ይበቃል። ወደ ቦታው የሚመልሰውም ኃይል ደካማ ነው፤ እናም ሞገዱ ትልቅ ሆኖ በዝግታ ይሄዳል፣ ብዙውን ጊዜ በሰው እርምጃ ፍጥነት። አንዱ ጫፍ አልፎ ሌላው እስኪመጣ ከደቂቃዎች እስከ ሰዓታት ይወስዳል። የሚቀሰቅሰው በአብዛኛው የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ውሃውን በገደልና በደፍ ላይ ሲገፋው ነው፤ ነፋስም የራሱ ድርሻ አለው።

ሰዎች ይህን ነገር በመከራም አውቀውታል። ኖርዌያዊው ፍሪድቾፍ ናንሰን እ.ኤ.አ. በ1893 ፍራም በተባለችው መርከብ ወደ ሰሜን ዋልታ ሲጓዝ፣ ሞተሩ እየሠራ መርከቧ የተያዘች ያህል አልንቀሳቀስ አለች። ከላይ ስስ የጣፋጭ ውሃ ንብርብር ነበር፤ ከታች የጨው ውሃ። የመርከቧ ጉልበት የሚያልቀው በዓይን የማይታይ ሞገድ በድንበሩ ላይ በማንሳት ነበር። ነገሩን በ1904 በቤተ ሙከራ ያስረዳው ስዊድናዊው ኤክማን ነው።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ቀይ ባሕር ከ2000 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ስፍራ አለው፤ መውጫው ላይ ግን፣ በሐኒሽ ደሴቶች አጠገብ፣ 137 ሜትር ገደማ ብቻ ጥልቀት ያለው ደፍ ተጋርዶበታል። የሕንድ ውቅያኖስ ቀዝቃዛ ጥልቅ ውሃ ይህን ደፍ ተሻግሮ መግባት አይችልም። በዚህ ምክንያት በሌሎች ውቅያኖሶች ጥልቁ ሁለትና ሦስት ዲግሪ ሲሆን የቀይ ባሕር ወለል ከ21 ዲግሪ አይወርድም። በትነት ብዛት ደግሞ እጅግ ጨዋማ ነው። ይህ ሞቃትና ጨዋማ ውሃ በደፉ ላይ እየፈሰሰ በባብ ኤል ማንደብ በኩል ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ይወርዳል፤ ከ400 እስከ 800 ሜትር ጥልቀት ላይ ክብደቱን የሚመስል ውሃ ሲያገኝ ተዘርግቶ ይተኛል። ከበርበራ ፊት ለፊት ባለው ባሕር ውስጥ፣ በቀዝቃዛ ውሃ መካከል ሞቃት ንብርብር ተኝቷል ማለት ነው።

ወቅቱም ይለውጠዋል። ፈረንጆቹ ክረምት በሚሉት በቅዝቃዜው ጊዜ ፈሳሹ ይበረታል። ሶማሌዎች ሐጋ በሚሉትና የበርበራ ሰው ሙቀቱንና ነፋሱን ሸሽቶ ወደ ሼክና ወደ ሐርጌሳ በሚወጣበት ወቅት፣ የነፋሱ አቅጣጫ ይዞራል፤ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ቀዝቃዛ ውሃ በመካከል ሰርጎ ወደ ቀይ ባሕር ይገባል። ሁለት የነበረው ንብርብር ሦስት ይሆናል። ድንበር በበዛ ቁጥር ሞገድ የሚነሳበት ቦታም ይበዛል።

በ2012 ደ ሲልቫ የተባሉ ፖርቱጋላዊ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በደቡባዊ ቀይ ባሕር፣ ከ16ኛው ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ጀምሮ ባለው ስፍራ፣ በሳተላይት ራዳር የተነሱ ምስሎችን አሳተሙ። ሞገዶቹ ተከታትለው እንደ ሰልፍ ይታያሉ። የውስጥ ሞገድ ሲያልፍ በገጹ ላይ ያሉትን ትንንሽ ሞገዶች በአንድ በኩል ይሰበስባቸዋል፣ በሌላው ያሰፋቸዋል፤ ባሕሩ ሸካራና ለስላሳ መስመር ይሠራል። ራዳር የሚያየው ያንን ነው። ጠንቃቃ ዓሣ አጥማጅም ያየዋል። ስፍራው ከምጽዋና ከዳህላክ ደሴቶች ብዙም አይርቅም፤ ብዙ የእኛ ሰዎች በባሕር ኃይል መርከበኝነት ያገለገሉበት ውሃ ነው። ደ ሲልቫና ባልደረቦቻቸው ነገሩን እንቆቅልሽ ያሉት በዚያ አካባቢ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ደካማ ስለሆነ ነው። ደካማ ሙላት ይህን ያህል ሞገድ ከየት አመጣ? እኔ ይህን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ፤ ከደጃችን ያለ፣ ልጆቻችን ሊሠሩበት የሚችሉት ጥያቄ ነውና።

ሦስተኛው ነጥብ፦ ሞገዱና ድምፁ ሲገናኙ ምን ይሆናል?

በ50 ሜትር ጥልቀት ላይ አንድ ማዳመጫ ተሰቅሏል እንበል። ድንበሩ ከሱ በላይ ከሆነ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነው፤ ሞገዱ ድንበሩን ወደ ታች ሲገፋው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በሞቃት ውሃ ውስጥ ይሆናል። ማዳመጫው አልተንቀሳቀሰም፤ ድምፅ የሚያሰማው መርከብም ቆሟል። የመታጠፊያው ቦታ ግን ተቀየረ። ጥላ የነበረው ስፍራ ድምፅ ያገኛል፤ ድምፅ የነበረበት ጥላ ይሆናል። ሶናር፣ ማለትም በድምፅ የሚፈልግ መሣሪያ፣ የያዘ ዓሣ አጥማጅ አሁን ያየውን መንጋ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሲያጣው ዓሣው ሄደ ብሎ ያስባል። ምናልባት ዓሣው እዚያው ነው፤ የተለወጠው ውሃው ነው። አስቀድሜ እንዳልሁት፣ ድምፁ ያቋረጠውን ውሃም አብሮ እየሰማ ነው።

ይህን በግልጽ ያሳየው የቢጫ ባሕር ታሪክ ነው። በቻይናና በኮሪያ መካከል ባለው በዚያ ጥልቀት የሌለው ባሕር ተመራማሪዎች የድምፅ ጉዞ ሲለኩ፣ በሞቃቱ ወራት አንዳንድ ድግግሞሽ (ውፍረትና ቅጥነት) ያላቸው ድምፆች ከሚጠበቀው በላይ ይጠፉ ነበር። ትንሽ ዝቅ ያለው ድግግሞሽ ያልፋል፤ ትንሽ ከፍ ያለውም ያልፋል፤ በመካከል ያለው ይዋጣል። የባሕሩ ወለል ነው እንዳይሉ ወለሉ አንድ ነው። ዦው ጂሹንና የሥራ ባልደረቦቻቸው በ1991 መልሱን አቀረቡ። በጥልቀት የለሽ ባሕር ድምፅ በተወሰኑ መንገዶች ይከፋፈላል፤ አንዳንዱ መንገድ ወለሉን እምብዛም አይነካም፣ ሌላው እየተጋጨ ይሄዳል። የውስጥ ሞገዶች በእኩል ርቀት ተሰልፈው ሲመጡና ያ ርቀት ከአንድ ድምፅ መንገዶች ልዩነት ጋር ሲገጥም፣ ኃይሉን ከደኅናው መንገድ አውጥተው ወደሚጋጨው ይወረውሩታል። እዚያም በወለሉ አሸዋና ጭቃ ውስጥ ይቀራል። በሞቃቱ ወራት ብቻ የሚሆነውም ሞቃትና ቀዝቃዛ ንብርብር የሚለያየው ያኔ ስለሆነ ነው። ለእኔ በዚህ መስክ ከተጻፉት ሁሉ ውብ ማብራሪያ ይህ ነው፤ አንድ የጠፋ ድምፅ ተከትለው አንድ የማይታይ ሞገድ አገኙ።

አቅጣጫም ለውጥ ያመጣል። በ1995 ከአሜሪካ ኒው ጀርሲ ባሕር ዳርቻ በተደረገው ትልቅ ሙከራ፣ ድምፁ ሞገዶቹን እያቋረጠ ሲሄድና ከሞገዶቹ ጋር ጎን ለጎን ሲሄድ ውጤቱ እንደሚለያይ ታይቷል። ጎን ለጎን ከሆነ በሁለት ሞገዶች መካከል ታጥሮ ሊጎለብት ይችላል፤ ሞገዱ ትንሽ ሲያልፍ ደግሞ ይሳሳል።

በጥልቁ ውቅያኖስ ነገሩ ለስለስ ይላል። ክሪስ ጋሬትና ዋልተር መንክ በ1972 በየውቅያኖሱ ሁልጊዜ ስላለው የውስጥ ሞገድ እንቅስቃሴ አጠቃላይ ስሌት አወጡ፤ ዛሬም ይሠራበታል። በሺህ ኪሎ ሜትር በሚቆጠር ጉዞ ላይ ይህ እንቅስቃሴ የድምፁን መድረሻ ሰዓት በሚሊሴኮንዶች ያወዛውዘዋል። ትንሽ ቢመስልም የባሕሩን ሙቀት በድምፅ ለመለካት ለሚፈልግ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

ሞገዱ ሰውንም ሊጎዳ ይችላል። ናንጋላ የተባለው የኢንዶኔዥያ ሰርጓጅ መርከብ በኤፕሪል 2021 ከባሊ በስተሰሜን ከ53 ሰዎች ጋር ሲሰጥም፣ የአገሩ የባሕር ኃይል ባለሥልጣናት ሊሆኑ ይችላሉ ካሏቸው ምክንያቶች አንዱ የውስጥ ሞገድ ነበር።

አሁን በኤደን ባሕረ ሰላጤ ስለተሠራው ሥራ ልንገራችሁ። በ2001 የአሜሪካ ተመራማሪዎች ከቀይ ባሕር የሚወጣው ጨዋማ ውሃ የት እንደሚሄድ ለማወቅ ወደዚህ መጡ። ከመሪዎቹ አንዷ የዉድስ ሆል ውቅያኖስ ጥናት ተቋም ባልደረባ ዶክተር ኤሚ ባወር ናቸው። ዶክተር ባወር ከተማሪነታቸው ዘመን ጀምሮ የዓይን ብርሃናቸውን እያጡ የመጡ ሴት ናቸው፤ ባሕርን ግን አልተውትም። በ650 ሜትር ገደማ ጥልቀት የሚንሳፈፉ በደርዘን የሚቆጠሩ የመስታወት ቱቦዎች ወደ ውሃው ለቀቁ። ከባሕሩ ወለል ጋር በገመድ የታሰሩ የድምፅ ማሰሚያዎች ደግሞ በተወሰነ ሰዓት 260 ኸርዝ ገደማ የሆነ ዝቅ ያለ ድምፅ ለ80 ሴኮንድ ያሰማሉ። እያንዳንዱ ቱቦ ድምፁ የደረሰበትን ሰዓት ይመዘግባል። ድምፁ ከሁለትና ከሦስት ቦታ የመጣበትን ጊዜ ያነጻጸረ ሰው ቱቦው የት እንደነበረ ያሰላል፤ አንድ ሴኮንድ መሳሳት አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል መሳሳት ነው። ወደ አንድ ዓመት ከተንሳፈፉ በኋላ ቱቦዎቹ ወደ ላይ ወጥተው የሰሙትን በሳተላይት ላኩ። በዚህ መንገድ ጨዋማው ውሃ በቀጥታ እንደማይወጣ፣ በትላልቅ አዙሪቶች እየተወሰደ እንደሚበተን ታወቀ። ዝቅተኛ ድግግሞሽ የመረጡትም በምክንያት ነው፤ ወፍራም ድምፅ ሩቅ ይሄዳል፣ በውስጥ ሞገዱም ከቀጭኑ ያነሰ ይረበሻል።

መንክና ካርል ዉንሽ በ1979 ያቀረቡት ሐሳብ ደግሞ የነገሩን ፊት አዞረው። ውሃው ድምፁን የሚያበላሸው ከሆነ፣ የተበላሸውን ድምፅ መርምረን ውሃውን እናውቃለን አሉ። ሞቀ ወይስ ቀዘቀዘ፣ ፈሰሰ ወይስ ቆመ፣ ድምፁ ይነግረናል። በጃንዋሪ 1991 በደቡባዊ ሕንድ ውቅያኖስ ከሄርድ ደሴት አጠገብ የተሰማው 57 ኸርዝ ድምፅ በአሜሪካ ሁለቱም ዳርቻዎች ተደመጠ፤ ሐሳቡ በዓለም ስፋት እንደሚሠራ ታየ።

በመጨረሻ ወደ እኛ እመጣለሁ። ኢትዮጵያ መርከበኞቿን በባሕር ዳርና በቢሾፍቱ ባቦጋያ ታሠለጥናለች። ጣና ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ 14 ሜትር ገደማ ስለሆነ ነፋስ እስከ ታች ያማስለዋል። ባቦጋያ ግን እሳተ ገሞራ የፈጠረው ጉድጓድ ነው፤ 65 ሜትር ገደማ ይጠልቃል። የቢሾፍቱ ሐይቆች ከላይ ሞቃት ከታች ቀዝቃዛ ሆነው እንደሚደረደሩ ባክስተርና ባልደረቦቻቸው በ1965 ጽፈዋል። ንብርብር ባለበት ድንበር አለ፤ ድንበር ባለበት ነፋስ የሚያወዛውዘው የውስጥ ሞገድ ይኖራል። የመርከብ ሞተር የሚማረው ወጣት ከመስኮቱ ሥር ባለው ሐይቅ ላይ ይህን መለካት ቢለምድ ደስታዬ ወሰን የለውም።

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። አንድ ረጅም ገመድ፣ ከታች ክብደት፣ ከላይ ተንሳፋፊ፣ በየአምስት ሜትሩ የታሰረ ሙቀት መዝጋቢ። በየደቂቃው ይመዝግብ። ከጥቂት ቀን በኋላ አውጥታችሁ በወረቀት ላይ ስትስሉት ድንበሩ ከፍና ዝቅ ሲል ይታያል። አጠገቡ የውሃ ውስጥ ማይክሮፎን ስቀሉ፤ ራቅ ብሎ ከቆመ ጀልባ በየደቂቃው አንድ ዓይነት ድምፅ አሰሙ፤ የድምፁን ብርታት ከሙቀቱ ሥዕል ጎን አስቀምጡ። ይህ በባቦጋያ ይሠራል። በበርበራም ከወደቡ ወጣ ብሎ፣ ከባለሥልጣኑ ፈቃድ ተጠይቆ፣ የሐርጌሳና የኢትዮጵያ ተማሪዎች አብረው ሊሠሩት ይችላሉ። ሐጋው ከመግባቱ በፊት ቢጀመርና ነፋሱ እስኪዞር ቢቆይ፣ ቀዝቃዛው ውሃ በመካከል ሲገባ ይይዙታል።

 ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሱ፤ ከልጆቹ እንጀምር።